ፅንስን አቀዝቅዞ ማቆየት፦ ለብቸናና ለሞጣ ጥንዶች ምን ማለት ነው?

ፅንስን አቀዝቅዞ ማቆየት ማለት ከሴቷ የተወሰደ እንቁላልና ከወንዱ የተወሰደ ዘር በላብራቶሪ ተገናኝተው የተፈጠረውን ፅንስ፣ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጦ ለሌላ ወር ወይም ለሌላ ዓመት ማሳደር ነው። በዚያ ቅዝቃዜ የሴሉ ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ አይከፈልም፣ አይመገብም፣ አያረጅም። ከቅዝቃዜ ሲወጣ ካቆመበት ይቀጥላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የቀዘቀዘ ፅንስ በ2025 ሕፃን ሆኖ ተወልዷል። ሠላሳ ዓመት የቆየ ፅንስም ልጅ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ሕክምናው በአብዛኛው የሚፈለገው በመካንነት ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ከዚህ ችግር ጋር ይገናኛል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ግን ምክንያቱ ከሌላው ዓለም ለየት ይላል። እዚህ ጎልቶ የሚታየው ኢንፌክሽን ያስከተለው የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ከወሊድ ወይም ንጽሕና ከጎደለው ውርጃ በኋላ የሚከተል መመርቀዝ፣ አልፎ አልፎም የማህፀን ሳንባ ነቀርሳ ቱቦውን ያጣብቃሉ። አንድ ልጅ ወልዳ ሁለተኛው የቀረባት ሴት ብዙ ጊዜ የዚህ ታሪክ ባለቤት ናት። በወንድ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ከጠቅላላው ጉዳይ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ልጅ ሳይወለድ ሲቀር መጀመሪያ የምትጠየቀው ሚስት ናት፤ ፍቺውም፣ ጸበሉም፣ ስለቱም በእሷ ላይ ይወድቃል። የወንድ ዘር ምርመራ ግን ከምርመራዎቹ ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ነው። ሴቷ በተደጋጋሚ ከመጉላላቷ በፊት እሱ መቅደም ነበረበት።

ቱቦው ለተዘጋባት ሴት እንቁላልን ከሰውነት አውጥቶ ማዳቀል የመጀመሪያውና ቀጥተኛው መፍትሔ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ ውስጥ ኦልድሃም በተባለ ከተማ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ስትወለድ የእናቷ ችግር ይኸው የቱቦ መዘጋት ነበር። ሥራውን የሠሩት ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምናው በመንግሥት ተቋም የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የመካንነት ሐኪም የዶክተር ሰናይት ፍስሐ ድርሻ ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት አቅም ያላቸው ጥንዶች ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ዱባይ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዶቹም የተረፈ ፅንሳቸውን እዚያው አቀዝቅዘው ትተው ተመልሰዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ የግል ማዕከላትም አሉ።

አንድ የሕክምና ዙር እንዲህ ይሄዳል። ሴቷ የወር አበባዋ እንደመጣ ከ8 እስከ 14 ቀን ድረስ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። በተፈጥሮ በወር አንድ እንቁላል ብቻ የምታበስለው ኦቫሪ በመርፌው ኃይል ብዙ እንቁላል በአንድ ላይ ታበስላለች። ሐኪሙ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይከታተላል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የማብሰያው የመጨረሻ መርፌ ይሰጣል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በማደንዘዣ በቀጭን መርፌ ተመጥጠው ይወጣሉ። በዚያው ቀን ከወንዱ ዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ዘሩ ደካማ ከሆነ አንዱ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ የተዳቀሉት ይለያሉ። በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሴል ይሆናል። በአምስተኛው ቀን መቶና ከዚያ በላይ ሴል ያለው፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ፣ ወደፊት ልጅ የሚሆነው ክፍልና የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል የተለዩበት ይሆናል። በየደረጃው የሚቀረው ብዙ ነው። ከ12 እንቁላል ተነስቶ በአምስተኛው ቀን ሦስት ወይም አራት ፅንስ ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው። አንዱ ወደ ማህፀን ይገባል፤ የቀሩት ደህናዎቹ ይቀዘቅዛሉ። አንዳንዴም ሁሉም ይቀዘቅዛሉ።

ቅዝቃዜ በራሱ ሴል አይገድልም። የሚገድለው በረዶ ነው። የሴል አብዛኛው አካል ውሃ ነው፤ ውሃው በቀስታ ሲረጋ የሚሠራቸው ስለታም ክሪስታሎች የሴሉን ሽፋን ይቀድዳሉ፣ በውስጡ የቀረውንም ጨው ያከማቻሉ። የዚህ ችግር መፍቻ የተገኘው ከእንስሳት እርባታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ ግሊሰሪን የተቀላቀለበት የዶሮ ዘር ቅዝቃዜን ተቋቁሞ እንደሚተርፍ አሳዩ። የከብት ዘር ተከተለ። በ1972 ዊቲንግሃም፣ ሌይቦና ማዙር የአይጥ ፅንስ አቀዝቅዘው ሕይወት ያላቸው ግልገሎች አስወለዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ኬምብሪጅ ውስጥ ከቀዘቀዘ ፅንስ ጥጃ ተወለደ። በሰው የመጀመሪያው የቀዘቀዘ ፅንስ እርግዝና በ1983 አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ ተመዘገበ፤ እርግዝናው ግን ዘጠኝ ወር አልደረሰም። በ1984 በዚያችው ከተማ ከቀዘቀዘ ፅንስ የመጀመሪያዋ ልጅ ተወለደች።

በእነዚያ ዓመታት የነበረው ዘዴ ዘገምተኛ ማቀዝቀዝ ነበር። መሣሪያው ሙቀቱን በደቂቃ ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ፍጥነት እያወረደ ውሃው ከሴሉ በቀስታ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ከሚቀዘቅዙትም ፅንሶች ጥቂት የማይባሉት አይተርፉም ነበር። ዛሬ የተስፋፋው ቪትሪፊኬሽን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ፅንሱ ከበረዶ የሚጠብቁ ኬሚካሎችና ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ለደቂቃዎች ይቆይና ውሃው ይመጠጥለታል። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነች የፕላስቲክ ምላስ ላይ ከጠብታ ባነሰ ፈሳሽ ተቀምጦ በቀጥታ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። ሙቀቱ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ስለሚወርድ ውሃው ክሪስታል የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ዘዴውን በአይጥ ፅንስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት ራልና ፋሂ ሲሆኑ፣ ለሰው ፅንስ ወደ ዕለት ተዕለት ሥራ ያመጡት በተለይ የጃፓን ባለሙያዎች ናቸው። በጥሩ እጅ ከተሠራ ከመቶ ፅንስ ከ90 በላይ የሚሆነው ከቅዝቃዜ ሲወጣ በሕይወት ይገኛል። ዋናው መሣሪያ የባለሙያው እጅ ነው። ኬሚካሉ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማብዛት ፅንሱን ይመርዛል፤ ማሳነስ ደግሞ ለበረዶ ያጋልጠዋል።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከብት የሚያዳቅለው ባለሙያ የተሻሻለ ዝርያ ያለው ኮርማ ዘር በቀጫጭን ስትሮ ይዞ፣ ናይትሮጅን በሞላው የብረት ዕቃ ጭኖ ወደ ቀበሌዎች ይዘልቃል። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ይጠራል፤ ዕቃውን ሲከፍት ነጭ ጭስ መሰል ጉም ይወጣል። የቅዝቃዜው ሕግ አንድ ነው። ልዩነቱ በብዛቱ ላይ ነው። በአንድ ስትሮ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር የኮርማ ዘር አለ፤ ግማሹ ቢሞት የቀረው ሥራውን ይሠራል። የሰው ፅንስ ግን አንድ ነው፣ ወይም ሁለትና ሦስት። ናይትሮጅኑ ሳይሞላ ቀርቶ የሞቀ ዕቃ ለገበሬው የአንድ ወቅት ኪሳራ ነው፤ የጥንዶቹ ግን ዳግም ላይገኝ ይችላል። አገሪቱ ለከብት የገነባችውን የናይትሮጅን አቅርቦት የሰው ሕክምናም እንዲጠቀምበት ማድረግ አስተዋይ እርምጃ ይሆን ነበር።

ፅንስ የሚቀዘቅዘው በብዙ ምክንያት ነው። የታወቀው ከአንድ ዙር የተረፈውን ለሚቀጥለው መቆጠብ ነው፤ የመጀመሪያው ባይሳካ ሴቷ መርፌውንና ማደንዘዣውን እንደገና ሳታልፍ ሁለተኛ ዕድል ታገኛለች፣ ቢሳካም ከዓመታት በኋላ ለልጇ ወንድም ወይም እህት ትፈልግ ይሆናል። ሁለተኛው ከኦቫሪ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ማምለጥ ነው። መርፌው በተለይ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለ የሆርሞን መዛባት ባላቸው ወጣት ሴቶች ላይ ኦቫሪውን ከመጠን በላይ ሲያነሳሳ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ይረጋል፣ ትንፋሽ ይቆረጣል። እርግዝና ሲጨመርበት ይብሳል። ሁሉንም ፅንስ አቀዝቅዞ ሰውነቷ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ቻይና ውስጥ በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በሽታው ፅንሳቸውን ካላቀዘቀዙት 7.1 በመቶ፣ ሁሉንም ካቀዘቀዙት ደግሞ 1.3 በመቶ ላይ ታይቷል። በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትም በሁለተኛው ቡድን 49.3 በመቶ፣ በመጀመሪያው 42 በመቶ ነበሩ። በመደበኛ ሁኔታ እንቁላል በሚያወጡ ሴቶች ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን በውጤቱ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ሁሉንም ማቀዝቀዝ ለሁሉም ሴት የተሻለ ነው የሚል ማስታወቂያ ከማስረጃው ያልፋል።

ካንሰር ሦስተኛው ምክንያት ነው። የጡት ወይም የደም ካንሰር ያለባት ወጣት ሚስት ኬሞቴራፒ ከመጀመሯ በፊት በሁለት ሳምንት ገደማ ፅንስ ማስቀመጥ ትችላለች፤ መድኃኒቱ ኦቫሪዋን ቢያደርቀውም ማህፀኗ ይቀራልና። በአገራችን ይህ ምክር እምብዛም አይሰጥም፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች ዘግይተው ስለሚመጡ ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ሐኪም ማግኘትም ይከብዳል። ማህፀን በዚያ ወር ሳይመቻች ሲቀር ወይም ፅንሱ የዘር ምርመራ ሲደረግለትም ቅዝቃዜው አስፈላጊ ይሆናል።

ብቸና በእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ያሉ ከተሞች ናቸው። በደጀን ወጥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ያገናኛቸዋል። ብቸና ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር፣ ሞጣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ በመካከል የዓባይ ሸለቆ አለ። ሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አላቸው። ከፍ ያለ ሕክምና ለሚያስፈልገው ከብቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ፅንስ የሚዳቀልበትና የሚቀዘቅዝበት ላብራቶሪ ግን ለእነዚህ ጥንዶች አዲስ አበባ ነው።

ለሩቅ ሰው የማቀዝቀዝ ጥቅም ለከተማ ሰው ካለው ይበልጣል። ፅንሱ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ዙር የሚገባ ከሆነ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ እንቁላል ከወጣ በአምስተኛው ቀን ሴቷ አልጋው ላይ መገኘት አለባት። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ቀን አዲስ አበባ መቆየት ግድ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ለአልጋና ለምግብ የሚያወጣው ገንዘብ ከሕክምናው ጋር ይፎካከራል። የቀዘቀዘ ፅንስ ግን ይጠብቃል። የእነማይ ገበሬ ጤፉን ወቅቶ በጥር ገንዘብ ሲይዝ፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ታማሚ እናት ሲሻላት ይደረስበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ሲዘጋ፣ መርፌ ጀምራ መንገድ ላይ የቀረች ሴት ዙሩን ሙሉ ታጣለች። ፅንሱ አስቀድሞ ከተቀመጠ ግን የምታጣው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ኦቫሪዋ ተነሳስቶ ወደ ሞጣ በአውቶቡስ የተሳፈረች ሴት ሆዷ ማበጥ ቢጀምር ከአዲስ አበባ ሐኪም የሚለያት ርቀት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ሁሉንም ማቀዝቀዝ ይህንንም ያቃልላል።

የሩቅ ሰው ሌላው ጥቅም አንድ ፅንስ ብቻ ማስገባት መቻሉ ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥተው የመጡ ጥንዶች ሁለት ሦስት ፅንስ በአንዴ ይግባልን ማለታቸው የሚጠበቅ ነው፤ መንታ ሲወለድ ቤቱ ይሞላል የሚለው ደስታም አለ። መንታ እርግዝና ግን ያለጊዜው መወለድን፣ የደም ግፊትን፣ የደም መፍሰስንና የቀዶ ሕክምና ወሊድን ያበዛል። በ30ኛው ሳምንት የሚወለዱ መንትዮች የሚያስፈልጋቸው የኦክሲጅንና የሙቀት ክፍል እንክብካቤ በወረዳ ከተማ ሆስፒታል ሊሟላ ይከብዳል። አንዱን ማስገባት፣ ሌሎቹን ማስቀመጥ የእናትንም የልጅንም ሕይወት የሚጠብቅ ውሳኔ ነው። ይህ ምክር በአዲስ አበባ ለሚኖሩም ይሠራል፤ ለሞጣ ሴት ግን መታለፍ የለበትም።

የቀዘቀዘውን ፅንስ ለማስገባት ማህፀን በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። በመጀመሪያው የሴቷን የራሷን ወር ተከትሎ እንቁላል የምታወጣበት ቀን ይጠበቃል። በሁለተኛው የወር አበባ እንደመጣ ኢስትሮጅን በእንክብል እየተሰጠ የማህፀን ሽፋኑ እንዲወፍር ይደረጋል፤ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ገደማ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲለካ ሰባት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፕሮጄስትሮን ይጨመራል። የአምስት ቀን ፅንስ ከሆነ ፕሮጄስትሮን ከተጀመረ ከአምስት ቀን በኋላ ይገባል። ማስገባቱ ደቂቃዎች የሚወስድ፣ ማደንዘዣ የማይፈልግ ሥራ ነው፤ ፅንሱ በለስላሳ ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር አልፎ ይቀመጣል። ከዚያ አልጋ ላይ ቀናት መተኛት ውጤቱን አያሻሽለውም።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት አዲስ አበባን የሚጠይቀው የማስገቢያው ቀን ብቻ ነው። እንክብሉን ቤት መዋጥ ይቻላል፤ ሽፋኑን መለካት ብቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል ያለ አልትራሳውንድና የሠለጠነ ባለሙያ ይችለዋል። ውጤቱን በስልክ ወደ ማዕከሉ መላክ፣ የመድኃኒቱን መጠን በስልክ መቀበል ይቻላል። እርግዝና መኖሩን የሚያሳየው የደም ምርመራም ከማስገባቱ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ባሉበት ይደረጋል። ይህ አሠራር ቢለመድ ለአንድ ማስገቢያ የሚደረገው ቆይታ ከሳምንታት ወደ ሁለትና ሦስት ቀን ይወርዳል። የሚፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ በማዕከሉና በወረዳው ሆስፒታል መካከል የተጻፈ መመሪያ፣ የተሰየመ ባለሙያና የማይቆም የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በተለይ ፕሮጄስትሮን እስከ አሥረኛው ሳምንት ገደማ ሳይቋረጥ መወሰድ ስላለበት ጥንዶቹ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሙሉውን ይዘው ቢመለሱ ይመረጣል። በክልሉ ፋርማሲ እናገኘዋለን ብሎ መጓዝ እርግዝናውን ለአደጋ ይጥላል።

ውጤቱን የሚወስነው ከምንም በላይ እንቁላሉ በወጣበት ጊዜ የሴቷ ዕድሜ ነው። በ30 ዓመቷ የተቀመጠ ፅንስ በ38 ዓመቷ ቢገባ የሚቆጠረው 30 ነው። በ42 ዓመቷ የተቀመጠ ግን ቅዝቃዜው አያድሰውም፤ የፅንስ መጨንገፍና የክሮሞሶም ስህተት ከእንቁላሉ ዕድሜ ጋር ይመጣል። ስለዚህ ጸበሉንም፣ ሐኪሙንም፣ የባህል መድኃኒቱንም በየተራ ስትሞክር አሥር ዓመት ያለፈባት ሴት ወደ ላብራቶሪ የምትመጣው ዕድሏ ከጠበበ በኋላ ነው። ጸበልና ሕክምና አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ጊዜ ያተርፋል። ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች፣ ከዚያ በላይ ያለች ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካልፀነሰች መመርመር አለባት።

ከቀዘቀዘ ፅንስ የተወለዱ ልጆች በጥቅሉ ጤነኞች ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተወልደው አድገዋል። ሁለት ነገሮች ግን በተደጋጋሚ ታይተዋል። ልጆቹ በትውልድ ክብደት ከፍ ይላሉ፤ እናቶቹም በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ የደም ግፊትና ፕሪኤክላምፕሲያ ለተባለው አደገኛ መልኩ ይበልጥ ይጋለጣሉ። የደም ግፊቱ አደጋ የሚጎላው ማህፀኑ በእንክብል ብቻ ሲዘጋጅ ነው፤ በተፈጥሮ ወር ሲገባ ይቀንሳል። ስለዚህ በብቸናም ሆነ በሞጣ የእርግዝና ክትትል የምታደርግ እናት ፅንሷ የቀዘቀዘ እንደነበረ ለአዋላጇ መንገር አለባት። ምሥጢር ለመጠበቅ ብላ ከደበቀች የደም ግፊቷን በጥንቃቄ የሚከታተል ሰው አይኖራትም። ባለሙያው ደግሞ የሰማውን ለሰፈር የማያወራ መሆኑን በተግባር ማሳየት ይጠበቅበታል። በትንሽ ከተማ ይህ መታመን በክብደቱ ከሕክምናው አይተናነስም።

የፅንሱ ማደሪያ ታንክ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ አየር በወጣለት ክፍተት የተከበበ ትልቅ ቴርሞስ ነው። የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ነው፤ በየቀኑ እየተነነ ስለሚቀንስ መሞላት አለበት። ማንቂያውና መቆጣጠሪያው ግን በመብራት ይሠራሉ። በሠለጠኑ አገሮችም ስህተት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2018 በአሜሪካ ክሊቭላንድ አንድ የሆስፒታል ታንክ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከ4,000 በላይ እንቁላልና ፅንስ ጠፋ፤ በዚያው ዕለት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሌላ ማዕከል ታንክም ተበላሸ። ፅንሱን ለማስቀመጥ የሚወስኑ ጥንዶች ማዕከሉ ናይትሮጅን ከየት እንደሚያገኝ፣ ተጠባባቂ ታንክ እንዳለው፣ ማንቂያው ሌሊት ማንን እንደሚጠራ፣ ኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ያለባቸው ሰዎች ፅንስ ለብቻ እንደሚቀመጥ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ማስቀመጫው በዓመት የሚከፈል ክፍያ አለው፤ ወጪው በአብዛኛው ከቤተሰቡ ኪስ ነው። ክፍያው በተቋረጠበትና የስልክ ቁጥር በተቀየረበት ጊዜ ማዕከሉ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ጥንዶቹ አገር ቢቀይሩም ፅንሱ መሄድ ይችላል፤ ለጉዞ የተሠራው ደረቅ ዕቃ ቅዝቃዜውን ከሳምንት በላይ ይይዛል።

የእምነት ጥያቄው ከሕክምናው አይለይም። ብቸና ከዲማ ጊዮርጊስ ቅርብ ናት፤ በመንገዱ ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ሞጣም ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ትምህርት ፅንስን ማቀዝቀዝ ለሰው ልጅ ክብር እንደማይስማማ ገልጻለች። የእስልምና የፊቅህ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የሚዳቀለው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆንና የሚተርፍ እንዳይኖር አሳስቧል። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ዘሩና እንቁላሉ ከባልና ከሚስት መሆኑ፣ ጋብቻውም ጸንቶ መቆየቱ መሠረታዊ ቅድመ ሁኔታ ነው። ኦርቶዶክሳዊ ጥንዶችም ጉዳዩን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው መሄዳቸው የተለመደ ነው። ፅንስ እንዲተርፍ የማይፈልጉ ጥንዶች ያላቸው አማራጭ ለላብራቶሪው አስቀድመው መንገር ነው፤ የሚዳቀሉትን እንቁላሎች ቁጥር መወሰን ወይም ያልተዳቀለ እንቁላል ብቻ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ዕድሉ ይቀንሳል፤ ሕሊናቸው ግን ያርፋል። ሐኪሙ ይህን ምርጫ ሳይጠየቅ ማቅረብ አለበት።

በሕግ በኩል በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የተደገፈ የሥነ ተዋልዶ ሕክምናን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። ታንክ ውስጥ ያለ ፅንስ በውርስና በአባትነት ጉዳይ ምን ቦታ እንዳለው ለመረዳት ግን ወደ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መመለስ ያስፈልጋል። ሕጉ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ ነው ይላል። የተፀነሰ ልጅ ግን ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ከሆነ እንደተወለደ ይቆጠራል። መቼ እንደተፀነሰ የሚወስነው አንቀጽ 3 ነው፤ ልጁ ከተወለደበት ቀን 300 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚገኘው ቀን የተፀነሰበት ቀን ነው፤ ይህን የሚቃወም ማስረጃም አይቀርብም። በ1952 ዓ.ም. ይህ ቁርጥ ደንብ ክርክርን ለማሳጠር የተደነገገ ነበር። ለቀዘቀዘ ፅንስ ግን ከባድ ውጤት አለው። ባል በሞተ በሁለተኛው ዓመት ሚስት ፅንሱን አስገብታ ብትወልድ፣ ልጁ በሥጋ የሟች ልጅ ሆኖ በሕግ አቆጣጠር ግን አባቱ ሲሞት አልተፀነሰም። ፍቺ ከሆነም በጋብቻ የተፀነሰ ልጅ የባል ነው የሚለው የቤተሰብ ሕግ ግምት ጋብቻ ከፈረሰ ከ300 ቀን በኋላ የተወለደውን አይሸፍንም። በአማራ ክልል እነዚህ ጉዳዮች የሚታዩት በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

ሌሎች አገሮች ጥያቄውን በተለያየ መንገድ ፈትተዋል። እንግሊዝ ፅንስ እንዲቀመጥ የምትፈቅደው በየአሥር ዓመቱ በሚታደስ ስምምነት እስከ 55 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሐሳቡን ከቀየረ ፅንሱ አይገባም። ይህን ሐሳብ የመቀየር ደንብ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል። የአሜሪካዋ አላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የቀዘቀዘ ፅንስ በሕጉ እንደ ልጅ ይቆጠራል ብሎ ፈረደ፤ አንዳንድ ማዕከላት ሥራ አቆሙ፣ የግዛቷ ምክር ቤትም በሳምንታት ውስጥ የሐኪሞችን ከለላ ሕግ አወጣ። ለኢትዮጵያ የሚበጀው በአንቀጽ 3 ደንብ ላይ ይህን ሕክምና የሚመለከት ልዩ ሁኔታ መጨመር ነው፤ እስከዚያው ሸክሙ በስምምነት ሰነዱ ላይ ነው። ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ ተነቦ፣ ማንበብ ለማይችል ተብራርቶ፣ ባልና ሚስት ለየብቻ ቢጠየቁ አንድ ዓይነት መልስ እስኪሰጡ ድረስ መታሰብ አለበት። አንዱ ቢሞት፣ ቢፋቱ፣ ልጅ ጠግበው ፅንስ ቢተርፍ ምን ይደረግ የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች በሰነዱ ላይ ባዶ መተው የለባቸውም። የተረፈ ፅንስ በተግባር የሚገጥመው ከሦስት አንዱ ነው፤ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ከቅዝቃዜ ወጥቶ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ወይም ሕግ በሚፈቅድባቸው አገሮች ለሌሎች ጥንዶች ወይም ለምርምር ይሰጣል። የፈረሙትን ሰነድ ቅጂ፣ የፅንሶቹን ቁጥርና የቀዘቀዙበትን ቀን የያዘውን ወረቀት ጥንዶቹ ከጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ጋር ቤታቸው ማስቀመጥ አለባቸው፤ ሌላ ቅጂ በብቸና ወይም በሞጣ በሚከታተላቸው ሐኪም መዝገብ ቢገባ ፅንሱ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኖራል።